ስድስት ካሴት፣ ሁለት ቀዳዳ፤ አንድ ሳምንት በሐረር

ሰው ሐረር የሚሄደው ጁገልን ለማየት፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ለመመልከት ወይም ቡናዋን ገዝቶ ለመመለስ ነው። እኔ ባለፈው ኅዳር የሄድኩት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጡ ስድስት ትንንሽ ካሴቶች ፍለጋ ነው። ካሴቶቹ ላይ እናቴ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ይኖር የነበረው ታናሽ ወንድማችን ለሚሊኒየሙ በዓል፣ መስከረም 2000 ዓ.ም.፣ ወደ ሐረር ሲመጣ አዲስ ካሜራ ይዞ መጣ። እናታችን በዚያን ጊዜ ጁገል ውስጥ ከታናሽ እህታችን ጋር ትኖር ነበር። እኔ አዲስ አበባ የሆስፒታል ሥራዬን ይዤ ነበርና ሦስት ቀን ብቻ ውዬ ተመለስኩ። እሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጸልይ፣ ቡና ስትቆላ፣ ከጎረቤት ጋር ስትጨዋወት ቀረጻት። ሊመለስ ሲል እዚያው ከተማ ለአንድ ቪዲዮ ቤት ሰጥቶ የአንድ ሰዓት ዲቪዲ አሠራልን። ካሜራውንና ካሴቶቹንም «ልጆቹ ሲያድጉ ቅረጹበት» ብሎ ለእህቴ ትቶላት ሄደ።

እናታችን በ2004 ዓ.ም. በልብ ሕመም አረፈች። ወንድማችንም በ2013 ዓ.ም. እዚያው በስደት አገር ተከተላት። እኛም በዲቪዲው ስንጽናና ኖርን።

ባለፈው ክረምት እህቴ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ካሜራው አሁንም ይበራል። ግን አንዳንዴ ካሴቱን አልመልስም ይላል» አለችኝ። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። እነዚያን ካሴቶች የሚያነብ ማሽን ዛሬ እንደ ልብ አይሸጥም። ካሜራው ከሞተ ካሴቶቹ ዲዳ ይሆናሉ። በአውቶቡስ ላኪልኝ ብላት «መንገድ ላይ ቢጠፋስ?» ብላ እምቢ አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ ወደ ካሜራው መሄድ ነበረበት፤ የሚሸከመውም እኔ ነኝ።

ልጄ ከሥራው መላቀቅ ስላልቻለ ሁለት ማታ ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። እኔም ተራ ስንቀያየር የበሽተኛ ማስረከቢያ እንደምጽፈው አድርጌ ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። የሰጠኝ የቀድሞ ላፕቶፑን ነው። ስስ፣ ቀላል፣ መልከ መልካም፤ ነገር ግን ያለው ሁለት መሰኪያ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ጎን። ቻርጀሩም፣ ካሜራውም፣ ሀርድ ዲስኩም የሚገቡት በእነዚሁ ነው። ሦስት እንግዳ፣ ሁለት በር።

እዚህ ላይ አንድ ስህተቴን ልናገር። በዚያ ዘመን ካሜራዎች የካሴቱን ምስል የሚያስተላልፉት ፋየርዋየር በሚባል ገመድ ነው። ሶኒ «አይ ሊንክ» ይለዋል። ካሜራው ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳም አለ፤ ነገር ግን እሱ ለፎቶ እንጂ ለካሴቱ ምስል አይሆንም። እኔ ልጄን ሳላማክር አንድ ሱቅ ገብቼ በአንድ በኩል ፋየርዋየር፣ በሌላ በኩል ዩኤስቢ የሆነ ትንሽ መቀየሪያ ገዛሁ። ልክክ ብሎ ገባ፤ ምንም ግን አልመጣም። ልጄ ሲያየው ሳቀ። «እማዬ፣ ይሄ ቅርጹን እንጂ ቋንቋውን አይቀይርም። ካሜራውንም ሊጎዳ ይችላል» አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ የኦክስጅንን ቱቦ ከሌላ ቱቦ ጋር በፕላስተር በማያያዝ ኦክስጅን እንደማይገኝ ሳስተምር የኖርኩ ሴት በዚህ ተሞኘሁ።

ትክክለኛው መንገድ ሰንሰለት ነው። ከካሜራው ትንሿ አራት እግር ያላት የፋየርዋየር ገመድ ትወጣለች። እሷ አፕል የሠራው የፋየርዋየርና የታንደርቦልት አገናኝ ላይ ትገባለች። እሱ ደግሞ የድሮውን ታንደርቦልት ከአዲሱ ሞላላ ቀዳዳ ጋር በሚያገናኝ ሌላ ራስ ላይ ይገባል። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ። ሞላላ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ ግን ታንደርቦልት የለውም፤ በብዙዎቹ ላይ ከቀዳዳው አጠገብ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ትኖራለች። ልጄ ላፕቶፑን «አድስ» ቢለኝ እንዳላድሰው አስምሎኛል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕል ማክ ሥርዓት ፋየርዋየርን መቀበል አቁሟልና።

ይህን ሁሉ ይዤ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወረድኩ። ላፕቶፑን በእጄ ነው የያዝኩት። ከድሬዳዋ ሐረር 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ከሞቃቱ ከተማ ወጥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ጆሮ ይደፈናል። አንድ ጊዜ ጨርሶ ደርቆ ያየሁት የሐሮማያ ሐይቅ ውሃ ይዞ፣ ወፍ ሰፍሮበት አየሁት። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው እንደ ወትሮው ይጮሃል። ከዚያ ሐረር።

የእህቴ ቤት ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት ነው፤ ከፍና ዝቅ ያለ ባለ ደረጃ መደብ፣ ቀይ የተቀባ፣ ግድግዳው ላይ ሰፌድና ሙዳይ የተደረደረበት። እናታችን የምትቀመጥበትን መደብ ሳይ እግሬ ተያዘ። እህቴ ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ ከወተት ጋር አቀረበችልኝና ገመዶቹን በዓይኗ ቆጠረች።

«ይሄ ሁሉ በዚህች በሁለቷ ነው የሚገባው?»

«በሁለቷ ነው።»

«አሚር ኑር እንኳ ለከተማው አምስት በር ሰጥቷል» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠራው የጁገል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት በኋላ የተከፈተ ነው። በድሮ ጊዜ በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። መጪው ሲበዛ በር ጠባቂው ማን ይቅደም የሚለውን መወሰኑ አይቀርም። እኔም የገጠመኝ ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ማታ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሀብ የሚባል ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ነበረኝ። ቻርጀሩንና ሀርድ ዲስኩን በሀቡ አድርጌ በአንደኛው ቀዳዳ፣ የካሜራውን ሰንሰለት በሁለተኛው ሰካሁ። የካሜራው ሰንሰለት በተራ ሀብ በኩል አይሠራም፤ ለብቻው ቀዳዳ ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ግን ልጄ ደጋግሞ የነገረኝን አደረግኩ። እያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ መግፊያ «ሴቭ» ወደሚለው ገፋሁ፤ በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት። ካሴቱንም አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዙሬ መለስኩት፤ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ቴፕ እንዲላቀቅ። ከካሜራው ዝርዝር ውስጥም «አይ ሊንክ ኮንቭ» የሚለው መጥፋቱን አረጋገጥኩ። እሱ ከበራ ካሜራው ጥራት ያለውን ምስል ዝቅ አድርጎ ነው የሚልከው፤ ሰው ሳያውቀው ድካሙ ሁሉ ለግማሽ ምስል ይሆናል።

«ጀምር» የሚለውን ስጫን የእናቴ ፊት በላፕቶፑ ላይ ወጣ። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በዲቪዲው ላይ ምስሉ 720 በ480 ነጥብ ነው፤ ካሴቱ ላይ ያለው ግን 1440 በ1080 ነው። ቁጥሩ ለእኔም ምንም አይለኝም ነበር። ፊቷን ሳይ ግን ከግንባሯ ላይ ያለችውን የንቅሳት ነጥብ፣ ከዓይኗ ጥግ ያለውን መጨማደድ፣ የነጠላዋን የጥለት ክር ለየሁ።

ካሴት አይቸኮልም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመግባት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ግሉኮስ ሲንጠባጠብ አጠገቡ እንደሚቀመጥ ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ተቀምጠን አየን። በ40ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ።

የካሜራው ባትሪ ከዓመታት በፊት ሞቷል፤ ስለዚህ ካሜራው ቆመ። ሀቡም ጠፋ፣ ሀርድ ዲስኩም ሳይሰናበት ተቋረጠ። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ የገባው ፋይል አልከፈትም አለኝ። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው በርቶ ነበር፤ እኔ ግን የምጽፈውን ሁሉ ውጪ ባለው ዲስክ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ካሴቱ ደህና ነው፤ የጠፋው ድካማችን ነው። የዚያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካሜራው ያን ካሴት በድጋሚ ባይቀበልስ እያልኩ አደርኩ።

ጠዋት ወጣሁ። በመኪና ግርግር በኩል ሳልፍ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ዳር በተርታ ተቀምጠው ይሰፋሉ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። በእግር የሚረገጥ መኪና ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አይቆሙም። አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው የእህቴ ልጅ ጓደኛ ዩፒኤስ አዋሰን፤ መብራት ሲጠፋ ለትንሽ ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ማለት ነው። ከባድ ነው፤ የእህቴ ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ኮረብታውን ወረደ።

ልጄ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ አንዲት ደም ሥር ብቻ ያላት በሽተኛ ብትመጣ ምን ታደርጊ ነበር?» አለኝ። የገዛ ትምህርቴን መለሰልኝ። አንድ ደም ሥር ብቻ ካለ መድኃኒቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ተራ ይወጣለታል።

ስለዚህ ሀቡን ወደ ቦርሳ መለስኩት። አንደኛውን ቀዳዳ ለካሜራው፣ ሁለተኛውን ለቻርጀሩ ብቻ ሰጠሁ። ካሜራውን ከዩፒኤሱ ጋር አያያዝኩት። ምስሉ በላፕቶፑ ውስጥ ራሱ እንዲቀመጥ አደረግኩ። አንድ ሰዓት ካሴት 11 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ስድስቱ ወደ 70 ጊጋባይት ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ከመቶ በላይ ባዶ ቦታ ነበር። አንዱ ካሴት ሲያልቅ ካሜራውን ነቅዬ በእሱ ቀዳዳ ሀርድ ዲስኩን ሰክቼ እገለብጣለሁ። የተገለበጠውን ከፍቼ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን አያለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። በቀን ሁለት ካሴት። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ ዩፒኤሱ አሻገረን። አልፎ አልፎ ቴፑ የተጎዳበት ቦታ ላይ ምስሉ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ይቆምና ይቀጥላል፤ ይህ ዓይነቱ አቀራረጽ ምስሎቹን በቡድን አያይዞ ስለሚያስቀምጥ አንዱ ሲጎዳ አብረውት ያሉትም ይሄዳሉ።

ያ መብራት ያቋረጠብን ካሴት በሁለተኛው ቀን ያለ ችግር ገባ። ከ40ኛው ደቂቃ በኋላ ዲቪዲው ላይ የሌለ ነገር መጣ። እናቴ ቡና እያፈላች ወንድሜን ትጠራዋለች። «አንተን ማን ያነሳሃል? ያንን ነገር አስቀምጠውና ቡናህን ጠጣ» ትለዋለች። ሳቁ ይሰማል። ካሜራውን ሳያጠፋ ዝቅተኛው መደብ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ለሰባት ደቂቃ የሚታየው ወለሉ፣ ረከቦቱ፣ የእሱ ካልሲና የእናቴ እግር ነው። ቪዲዮ ቤቱ ይህን ቆርጦ ቢጥለው አይፈረድበትም፤ የሰው ፊት የለበትም።

ወንድሜ በስድስቱ ካሴት ላይ አንድም ጊዜ አይታይም፤ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ያችን ካልሲ አይቼ አለቀስኩ። ቀጥሎ ግን ዓይኔ ወደ እናቴ እግር ሄደ። ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ እግሯን ስታሻሽ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ቀለበት ሠርቶ ጎድጉዷል። የጫማዋ ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። በጣቷ የተጫነችው ቦታ ሳይሞላ ይቆያል።

ውድ አንባቢያን፣ በተማሪነቴ መጀመሪያ ከተማርኳቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። በአውራ ጣት ቅልጥም ላይ ተጭኖ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ውሃ እየተጠራቀመ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የልብ መድከም ነው። ስንት እናቶችን በዚህ ለይቼ ወደ ሐኪም ልኬያለሁ። የራሴ እናት ግን ያን ሳምንት አጠገቧ ሦስት ቀን ውዬ ቀሚሷን ገልጬ አላየሁም።

የወንድሜ ድምፅ ተሰማ። «እማዬ፣ እግርሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ወጥ ስሠራ ቆሜ ውዬ ነው። ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች።»

እህቴ ዝም አለች። ፊቷን ሳየው አወቅኩ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እኔንም አስምላኛለች፣ እትዬ።»

ያኔ ብሰማ ኖሮ ዕድሜዋ ይረዝም ነበር? አልምልም፤ ባለሙያ እንዲህ ዓይነት መሐላ አይምልም። ግን የደም ግፊቷ ይለካ ነበር፣ ጨው ይቀነስላት ነበር፣ ሐኪም ያያት ነበር። አራት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። እህቴን ተቆጣኋት። ቁጣዬ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም፤ እሷም ገብቷት አልመለሰችልኝም። ኋላ ላይ «ይሄን ቦታ ቁረጪው፤ ልጆቹ እንዳያዩት» አለችኝ። አልቆርጠውም አልኳት። ለልጆቹ የሚታይ አጭር ቅጂ ይሠራል፤ ዋናው ግን እንዳለ ይቀመጣል። ቆርጠን ብንጥለው ወንድሜም አብሮ ይጣላል።

በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ካለ፣ የተማርኩትን በአጭሩ ላቀብላችሁ። ካሴቱን ሳይሆን መጀመሪያ ማጫወቻውን አስቡ፤ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ሊሆን ይችላል። ገመድ ስትገዙ ቅርጹ መግባቱን ሳይሆን ምስል ማምጣቱን ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ አረጋግጡ። ላፕቶፑ ታንደርቦልት ከሌለው፣ ካሜራው የኤችዲኤምአይ መውጫ ካለው፣ በተራ ዩኤስቢ የሚሠራ የኤችዲኤምአይ መቅረጫ አለ፤ ምስሉን እንደ አዲስ ስለሚቀርጸው እንደ ዋናው አይሆንም፤ ከምንም ግን ይሻላል። በሚገባበት ሰዓት ለካሜራው አንድ ቀዳዳ ለብቻው ስጡት፤ መገልበጡ ኋላ ይደርሳል። ሦስት ቅጂ አድርጉ፣ አንዱን ሌላ ከተማ አስቀምጡ። ካሴቱንም አትጣሉ።

የመጨረሻው ማታ ስድስቱም ገብተው አልቀው ነበር። አንድ ሀርድ ዲስክ ለእህቴ፣ አንዱ በእኔ ቦርሳ፣ ሦስተኛው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ። ካሜራውን ጠራርገን ወደ ከረጢቱ መለስነው። እህቴ መደቡ ላይ፣ እናቴ በምትቀመጥበት ቦታ፣ ቀኑን ሙሉ ስትንጎዳጎድ ውላ ደክሟት ተቀምጣለች። ወለሉ ላይ በርከክ አልኩና ካልሲዋን ዝቅ አደረግኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እትዬ?»

«ዝም በይ።»

አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ ተጭኜ በልቤ እስከ አስር ቆጠርኩ። ጣቴን ሳነሳ ምንም አልጎደጎደም። ሌላኛውንም አየሁ።